ጣት ላበደሩኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የብድርና ቁጠባ ተቋማችን የቆቦ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የተከበሩ ቤተሰብዎንና ዘንድሮ በዚህ የቆላ ሙቀት ያለ ዕረፍት ሲያገለግልዎ የከረመውን የቢሮዎን ማራገቢያ ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ቤቴም እስከዚች ሰዓት ድረስ ቆሟል።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ የጻፍኩት ንቀት ይዞኝ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ከዚህ ቀደም አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «መዝገብ ቤት አልደረሱም» ስለተባለ፣ የታሸገ ነገር በበርዎ የማያልፍ ከሆነ የተከፈተ ቢሞከር ብዬ ነው። የተቋሙን ስም ያልጠቀስኩትም ካርታዬ ዛሬም በካዝናችሁ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የሰው ንብረት የያዘን ወገን በአደባባይ በስሙ መጥራት ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝን ወላጆቼን እንዳላሳፍር ነው።

ዘሊካ ኡበይድ እባላለሁ። በዚሁ በቆቦ ለሃያ ሁለት ዓመታት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ባለቤቴ ነጅሙዲን አራጌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡን ካመመው ወዲህ በዋጃ በኩል መሬት ተከራይቶ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ሁለታችን አንድ ቤት ሠራን። ድንጋዩንና አሸዋውን እሱ አመላለሰ፤ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ከእኔ ደመወዝና በክረምት ከማስጠናቸው ልጆች ተገዛ፤ የጎደለውን ደግሞ ከእናንተ ተበደርን። ያን ጊዜ በእርስዎ ወንበር ላይ የነበሩት ሰው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ እኔንና ባለቤቴን ጎን ለጎን አስቀምጠው ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡልን። «መምህር፣ ያልገባሽ ነገር ካለ ጠይቂ» አሉኝ። ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም መለሱልኝ፤ ከዚያ በራሴ ብዕር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ ፈረምኩ። በካርታውም ላይ የሁለታችን ስም አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ ተጽፎ ይገኛል።

የእርስዎ ዘመን ከዚያ በኋላ መጣ፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቶቼ በራፌ ላይ ተሰብስበው ቆመዋል። ሰው የሞተብኝ መስሎኝ ሮጥኩ። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ፤ በብረት በሩ ላይ ማኅተማችሁ ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። «የአቶ ነጅሙዲን አራጌ መኖሪያ ቤት ባልተከፈለ ብድር ምክንያት በሐራጅ ይሸጣል» ይላል። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ «እኔ እኮ ልቅደደው ብዬ ነበር፤ ማኅተም ያለበትን መቅደድ ያሳስራል አሉኝ» አለችኝ፤ እንባዋ መጥቷል። ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩት። በስድስት መስመር ውስጥ አራት የፊደል ግድፈት አገኘሁ፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ቀይ ብዕሬን አውጥቼ አረምኩት፤ ከሥሩም «ከዐሥር ስድስት፤ ተስተካክሎ ድጋሚ ይጻፍ» አልኩበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ቁልፉን በሩ ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ ግን የከፈተችልኝ ጥሩወርቅ ናት።

እንግዲህ የገዛ ቤቴን መሸጥ ከጎረቤቶቼ እኩል፣ እንዲያውም ትንሽ ዘግይቼ እንድሰማ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ከሌላው ቀድሞ ማወቅ ትዕቢት ያመጣል።

ሁለተኛ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቅርንጫፍዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የብድር ክፍሉን ሠራተኛ ፈሪድን አገኘሁት። ፈሪድን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ ማዞር እንዳለበት ለማወቅ አንድ ወር የፈጀበት ልጅ ነው። ሲያየኝ ደንግጦ ተነሣ፤ ወንበር ሳበልኝ።

«ቲቸር፣ መረጃ የምንሰጠው ለባለቤቱ ብቻ ነው» አለኝ።

«የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» አልኩት።

«በፋይሉ ላይ ባለቤቱ አቶ ነጅሙዲን ናቸው። እርስዎ የባለቤቱ ባለቤት ነዎት።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ አባባል የተነሣ ያን ቀን ብዙ ቆየሁ። በቋንቋችን ባለቤት የሚለው ቃል ቤት ላለውም፣ ለባልም፣ ለሚስትም ይበቃል፤ የዐረፍተ ነገርም ባለቤት አለው። ቃሉ ለሁሉ ሲዳረስ ቤቱ ለአንዱ ብቻ የሚሆንበትን ሰዋስው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር አላገኘሁትምና፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ለማንኛውም ከሳበልኝ ወንበር አልተነሣሁም። ፈሪድ ሁለት ጊዜ ውኃ አመጣልኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፉ ሰዎች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ ደግሞ ለእኔ ተቆርቁረው ማጉረምረም ጀመሩ። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ልጁ ተሸነፈና ፋይሉን አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው።

በፋይሉ ውስጥ ያየሁት ይህ ነው። ሁለታችን የተበደርነው አሮጌው ብድር ተዘግቷል። የዘጋው በነጅሙዲን ስም ብቻ የተሰጠ ከበፊቱ የሚበልጥ አዲስ ብድር ነው። ለአዲሱ ብድር መያዣ የሆነው ያው የሁለታችን ቤት ነው። ለዚህም ሚስት መስማማቷን የሚገልጽ ቅጽ ተያይዟል።

ሦስተኛ። ዋናው ምስጋናዬ ስለዚህ ቅጽ ነው። ስሜ «ዘሊሃ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ በደንብ የተጫኑት፣ ሰፊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ዘሊሃ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ቅጹ ተነብቦላቸው፣ በፊቴ ቀርበው፣ በሙሉ ፈቃዳቸው አሻራቸውን አኑረዋል።» ቀጥሎ የፈሪድ ፊርማ፤ ከዚያም የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም።

«ፈሪድ፣ እኔ በፊትህ የቀረብኩት መቼ ነው?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። እውነቱን ለመናገር በፊቱ የቀረብኩት እሱ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ጠመኔ ይዤ ነው። «ቅጹን ጋሽ ነጅሙዲን ሞልተው ነው ያመጡት፤ ሥራ በዝቶ ነበር ቲቸር» አለኝ በቀስታ። እርስዎም ክቡር ሆይ፣ ልጅዎ በዚያው ዓመት በክፍሌ ሳለች የፈተና ወረቀቷ ላይ በየወሩ የሚሰፍረውን ፊርማዬን ያዩ ነበር፤ ከሥሩም «አይቻለሁ» ብለው ይፈርሙ ነበር። ማየትና ማየት ለካ ይለያያል።

እናንተ ዘንድ ገንዘብ ለመበደር ዋስ፣ መያዣና የሦስት ወር ደጅ መጥናት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ጣት ግን ያለ ዋስ፣ ያለ ወለድ፣ ተበዳሪዋ እንኳ ሳትጠይቅ ስላበደሩኝ ውለታዎን በምን እንደምመልስ አላውቅም።

አራተኛውን ጽፌው ነበር። የጥሩወርቅ ባል አነበበውና «ይኼ እንኳ ይቅር፤ ሰውየው ልጆች አሏቸው» ስላለኝ ሰርዤዋለሁ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን ለጥቂት ላቁም፤ የሚቀጥለው የእርስዎ ጥፋት አይደለምና። ነጅሙዲን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከዋጃ በሚኒባስ መጣ። ወሬው ቀድሞት ስለነበር ወደ ውስጥ አልገባም፤ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ እንደዚያ ቀን አንሶ አላየሁትም።

«ፋይሉን አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት። ጣቴንም አየሁት» አልኩት።

ነገሩን አንድ በአንድ ነገረኝ። በጦርነቱ ጊዜ ቅርንጫፋችሁ ሲዘጋ ክፍያችንም ተቋርጦ ነበር፤ ስትከፍቱ ዕዳው ከቅጣቱ ጋር አብጦ ጠበቀው። ያን ጊዜ እርስዎ ጠርተው «በስምህ እንደ አዲስ እናዋቅርልህ፣ የውኃ ፓምፕ መግዣም እንጨምርልህ» አሉት። ፓምፑን ገዛ። የመጀመሪያው ምርት ደህና ነበር፤ በሁለተኛው ግን ከቆቦ እስከ ዋጃ ሽንኩርት ያልተከለ ሰው አልነበረም፤ የሚያነሣው ጠፍቶ ጆንያው በየአስፋልቱ ዳር ላብ አወጣ፣ ሸተተ፣ ፍየል በላው። እሱም በየሳምንቱ እየመጣ አጠገቤ ይተኛ፣ ሻይ ይጠጣ፣ «ደህና ነው» ይለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርሽ ሁለት ነገር ትጠይቂኝ ነበር። ሁለቱንም መመለስ አልችልም ነበር» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ መልስ መናደድ ፈልጌ አቃተኝ። ለማንኛውም ጣቱ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። «የእትዬ ሀሊሜ» አለ።

ሀሊሜ ሮቢት የምትኖር ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው በልጅነቱ ስትሞትበት ያሳደገችው እሷ ናት። ሳንጠራት በማግስቱ መጣች፤ ግማሽ ጆንያ ማሽላ በባጃጅ አስጭና። ማሽላውን በሩ ላይ አስቀምጣ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት።

«ዘሊካዬ፣ አፉ በይኝ» አለችኝ። «ለፓምፑ ምስክር ሁኚኝ አለኝ። ቀለሙን በኪሱ ይዞ ነው የመጣ። ላም እያለብኩ ነበር፤ እጄን እንኳ በቅጡ አልታጠብኩ። የአንቺ ስም ያለበት መሆኑን በማን ላውቀው? ለእኔ ወረቀት ሁሉ አንድ ነው።»

«አብሽሪ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» አልኳት። ከዚያ የምፈራውን ጠየቅኋት፤ «ዳኛ ፊት ትናገሪያለሽ?»

«ነጅሙን ያስሩታል?»

«አላውቅም እትዬ። ሊያስሩትም ይችላሉ።»

ሻሿን ፈትታ መልሳ አሰረች። «ወላሂ፣ እኔ አሳድጌዋለሁ፤ በሐሰት ግን አላሳደግኩትም» አለች። «ጣቴ የእኔ ነው። የሰው ቤት ለመሸጥ አላውሰውም።»

ቁጥሬን ልቀጥል። አምስተኛ። ክስ መሥርቼ ፍርድ ቤት በቆምንበት ቀን ጠበቃዎ አሻራው የሰው አሻራ መሆኑ እስካልተካደ ድረስ ቅጹ በሕግ ፊት ጎዶሎ እንዳልሆነ ያስረዱበት ብቃት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ዳኛዋ ወረቀትና ብዕር አቀበሉኝና ስሜን እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። «ማንበብና መጻፍ አይችሉም የተባሉት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። «አዎ ክብርት ዳኛ፤ በዚህ ሥራዬ ደመወዝ ይከፈለኛል» አልኩ። ሀሊሜ ተጠርታ የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም። ነጅሙዲንም ተራው ሳይደርስ ተነሥቶ «እህቴን አትጠይቋት፤ ቀለሙን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሐራጁ ታገደ፤ በኋላም የቤቱ መያዣነት ተሰረዘ። ነጅሙዲን በዚህ ጥፋቱ ተከሶ በገደብ ተቀጣ፤ ሀሊሜ ሳታውቅ ያደረገችው ነው ተብላ በነፃ ተሰናበተች። ፈሪድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው ሰምቻለሁ፤ ማንበብ እንደሚችል እኔ ምስክር ነኝ። እርስዎ ደግሞ በዚያው ወር ብድር በማስመለስ ብልጫ ዋንጫ መሸለምዎን በመስኮትዎ በኩል አይቻለሁና የዘገየ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክቴን ይቀበሉኝ።

ቤቱ ዳነ እንጂ ዕዳው አልሞተም። ዕዳው በነጅሙዲን ጫንቃ ላይ ነበር፤ ነጅሙዲን ደግሞ ከአንድ አሮጌ ፓምፕ በቀር የቀረው ነገር አልነበረም። ብዙ ሰው «ተይው፣ የበላው ይክፈል» አለኝ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለት ጁምዓ አዳመጡን። በመጨረሻ እኔ ራሴ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በቤቱ ላይ ያለውን ድርሻ ለእኔ ይልቀቅልኝ፣ ቤቱ በእኔ ስም ይሁን፣ ዕዳውንም በእኔ ስም አዋቅሬ ከደመወዜ ቀስ እያልኩ ልክፈል። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ የሰው ዕዳ በስምሽ ታዞሪያለሽ?» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ የበላው ፍየል ነው፤ ፍየሉን ማን ይከሰዋል? ሲተክለው ግን ለቤቱ ብሎ ነው» አልኳቸው። ነጅሙዲን በሽማግሌ ፊት አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ያላዩ መስለው ዱዓ አደረጉ።

ስድስተኛና የመጨረሻው። ይህን ስምምነት ይዤ ወደ እርስዎ በመጣሁ ጊዜ የጠበቀኝን ጥንቃቄ ሳስታውስ ዛሬም በአድናቆት ራሴን እነቀንቃለሁ። ብድሩ በባል ስም ሲዞር ከሮቢት የመጣ፣ ወተት የነካው አንድ ጣት በቂ ነበር። በሚስት ስም ሲዞር ግን ባል በአካል ይቅረብ፤ መታወቂያው ይታይ፤ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ያምጣ፤ ሁለት ምስክር ይዞ ይምጣ፤ ምስክሮቹም መታወቂያ ያምጡ፤ ስምምነቱ በሰነድ ማረጋገጫ ይጽደቅ፤ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ እንደገና በአካል ይቅረብ ተባልኩ። አንድም አላጓደልኩም። ነጅሙዲን ለአምስት ቀናት ከዋጃ እየተመላለሰ፣ ወገቡን ይዞ፣ በሰልፋችሁ ላይ ቆመ።

በአምስተኛው ቀን እርስዎ ራስዎ ከቢሮ ወጥተው፣ እጁን ይዘው «አቶ ነጅሙዲን፣ ለብቻዎ እንድናነጋግርዎ» አሉት። እኔን ከውጭ አስቀርታችሁ በሩን ገርበብ አደረጋችሁት። በሩ ግን የእናንተ በር ነውና በደንብ አይዘጋም፤ ሰልፉ በሙሉ ሰማ። «ይህን የሚያደርጉት በሙሉ ፈቃድዎ ነው ወይ? ያስገደደዎት አለ? ባለቤትዎ ተጽዕኖ አላደረጉብዎትም? ሊያስቡበት ጊዜ ቢፈልጉ እንሰጥዎታለን» አሉት፤ ድምፅዎ እንደ አባት ድምፅ የሚያባብል ነበር።

ነጅሙዲን ቶሎ አልመለሰም። ክቡር ሆይ፣ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጄን እጄ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ልቤ ምን ያህል እንደመታ ለእርስዎ መንገር አይገባኝም፤ ከሕጉ ይልቅ ያችን ዝምታ ፈርቼ ነበር። ያ ሰውዬ አንድ ጊዜ «ላስብበት» ቢል ቤቴም፣ የሽማግሌዎቹ ቃልም፣ ያ ሁሉ የፍርድ ቤት ምልልስም ከንቱ ሊቀር ነው።

«ጌታው፣» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ይኼን ለእኔ የጠየቃችሁትን ያን ጊዜ እሷን ጠይቃችኋት ቢሆን ዛሬ ማናችንም እዚህ አንቆምም ነበር። ወረቀቱን ስጡኝ፣ ልፈርም።»

ሰልፉ ላይ አንዲት አሮጊት «አሏሁ አክበር» አሉ። እርስዎም ሲወጡ ፊትዎ ላይ ላብ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ማራገቢያው መቆሙ ይሆናል።

ውሉን የፈረምነው ባለፈው ረቡዕ ነው። ፈሪድ ቃል በቃል አነበበልኝ፤ ስሜን ሦስት ጊዜ በትክክል ጻፈ። አንድ ቦታ ላይ አቆምኩትና ቅጣቱ ከመቼ እንደሚቆጠር ጠየቅሁት፤ አያውቀውም ነበርና ሄዶ ጠይቆ መጣ። እኔም ካርታዬን መያዣ አድርጌ ፈረምኩ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእኔ ነው፤ ዕዳውም የእኔ ነው። ዕዳ በስሜ በመሆኑ ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ አላምነውም ነበር፤ ውሉ ላይ ሳትኖር ዕዳው ላይ መኖርን ያየች ሴት ግን ትረዳኛለች።

ስለ ትዳሬ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛልና እርስዎም ከጠየቁ፣ ነጅሙዲን ቤት ነው። ፓምፑን ሸጦ የመጀመሪያውን ክፍያ እሱ ከፈለ፤ ዘንድሮ ለሌላ ሰው ማሳ ይጠብቃል። አልፎ አልፎ እንነጋገራለን፤ አልፎ አልፎ ዝም እንላለን። ስለ ሽንኩርት ግን ገና አንነጋገርም፤ ለወጥ የሚሆነውን ስገዛ እንኳ በዘንቢሌ ሥር ደብቄ ነው የማስገባው። ሙሉ በሙሉ አፉ ብዬዋለሁ ወይ ለሚለው መልሱን አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን ከእርስዎ ቀድሜ ለነጅሙዲን እንደምነግረው የታወቀ ነው።

በዚህ ሁሉ ልፋት ያተረፍኩት ትልቁ ነገር የእርስዎን አርቆ አሳቢነት በቅርብ ማወቄ ነውና፣ ለቀሪው ዘመንዎ ጤናና ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ ዕረፍት፣ ለብዕርዎ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት የሚያነብ ዓይን አላህ እንዲሰጥልዎ እየተመኘሁ፣ ይህን ረጅም ደብዳቤ በትዕግሥት ለማንበብ ስለሚያጠፉት ውድ ጊዜ አስቀድሜ እጅ እነሣለሁ።

በማይለወጥ አክብሮት፣
ታማኝ ባለዕዳዎ፣
ዘሊካ ኡበይድ (በራሷ እጅ የፈረመች)
ቆቦ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለእርስዎ፣ አንድ ለራሴ ብዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። የኮፒ ቤቱ ሠራተኛ ቶይባ የምትባል ልጅ ናት፤ ማሽኑ ላይ ቆማ አነበበችውና ሳትጠይቀኝ ሃያ አምስት አወጣች፤ ገንዘብም አልቀበል አለችኝ። እስከ ትናንት ድረስ ዐሥራ ስምንት ባለትዳር ሴቶች ቤቴ መጥተው «የባሌ ፋይል ውስጥ የእኔ ጣት ይኖር ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሁሉም ወደ እርስዎ እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። አግዳሚ ወንበር ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ካልሆነም ግድ የለም፣ መቆም የለመዱ ናቸው።